ያለቀለት ዕቃ

ሰይፈሚካኤል ምስል የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ከኮምፒዩተሩ ሆድ ነቅሎ አወጣና በሁለት ጣቱ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሩ ጫፍ ላጥ ሲያደርጋት ከሥሯ የሌላ ካርድ ስም የተጻፈባት የደበዘዘች ወረቀት ብቅ አለች።

“ጋሽ ማናሴ፣ ይህን ዕቃ ከማን ነው የገዙት?”

ጥያቄው ለማናሴ አልጣመውም። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለችው የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ የመጣው ማሽኑን ሊያስመረምር አልነበረም። ልጁ ኤባ ከትናንት በስቲያ “ትንሽ ይዘገያል” ሲል ሰምቶ፣ አቧራውን አስጠርጎ፣ እንዲፈጥን ራም አስጨምሮ ሊያስደስተው ነበር። ቅዳሜ ነው፤ እሱም የዕረፍት ቀኑ ነበር። ኤባ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ ብሎ በማለዳ ስለወጣ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ማሽኑን ካርቶን ውስጥ ከተተና በባጃጅ ይዞት መጣ።

“ከማውቀው ሰው ነው፤ ሞጆ። ምነው?”

ሰይፈሚካኤል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳው ጀመር። ማሽኑ አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው የቢሮ ማሽን ነው። አዲስ ኬዝ አልብሰው፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ገጥመውለት አዲስ አስመስለውታል። ካርዱ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ማን ነህ ሲለው የሌላ፣ የአዲስ ካርድ ስም እንዲናገር ተደርጎ የተቀየረ አሮጌ ካርድ ነው። ስሙን ብቻ አንብቦ ለሚገዛ ሰው ምንም አይታወቅም። ከባድ ጌም ሲከፈትበት ግን ስክሪኑ ይጠቁርና ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

“እሱማ አይሆንም” አለ ማናሴ። “ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ተጫውቶበታል። በጆሮዬ ነው የምሰማው።”

“ኤባ ያውቃል፣ ጋሼ።”

“ምኑን?”

“ሁሉንም። በገዙለት በሳምንቱ እዚህ አምጥቶት አብረን ነው የፈታነው። ለአባቴ እንዳትነግረው ብሎ ለመነኝ። እርስዎ ዛሬ ራስዎ ይዘውት ባይመጡ ኖሮ ከአፌ አይወጣም ነበር።”

ማናሴ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ አምስቱን ዓመት በሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ሆኖ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ ኖሯል። ሰነድ አገላብጦ የተደበቀውን የሚያገኝ፣ ኮንቴይነር ሲከፈት ዕቃውን ገና ከሩቅ አይቶ አዲስ ይሁን ያገለገለ የሚለይ፣ አስመጪዎች “እስኪ ማናሴ ይየው” የሚሉለት ሰው ነው። በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ሰው እሱ ዘንድ ይመጣል። ያቺን የደበዘዘች ወረቀት ግን ገና ዛሬ ነው ያያት።

ነገሩ የተጀመረው አምና ኤባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲወድቅ ነው። ከክፍሉ ያለፉት ሁለት ልጆች ብቻ ስለነበሩ መጀመሪያ ላይ ብዙም አላፈረም ነበር። ቀጥሎ የሪሜዲያሉም ዕድል በሦስት ነጥብ አመለጠው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ መኖሩ እስከማይታወቅ ድረስ ዝም አለ። አንድ የሚያናግረው ነገር ቢኖር የጌም ኮምፒዩተር ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜና ክረምት ክረምት ፍራንኮ ሰፈር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት እየሠራ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። እጄ ላይ ካለች እነካታለሁ እያለ ያገኘውን ሁሉ የሚሰጠው ለአባቱ ነበር።

ተገጥሞ ያለቀ ኮምፒዩተር መግዛት ግን አልፈለገም። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ራሱ መግጠም ነበር ሐሳቡ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ አባቱ ፊት ተቀመጠና ልክ ሥራ እንደሚጠይቅ ሰው አስረዳ። ቦርዱና ፕሮሰሰሩ ያገለገሉ ቢሆኑ ችግር የለውም። መብራቱን የሚያከፋፍልለት ፓወር ሳፕላይ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ የሰፈሩ መብራት በቀን አምስቴ ሄዶ እየመጣ እዚያ ላይ መቆጠብ ሌላውን ሁሉ ማቃጠል ነው። ካርዱ በመጨረሻ፣ ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል። አንዱ ቢበላሽ አንዱን ቀይሮ መቀጠል ይቻላል። የተገጠመ ሲገዛ ግን ሻጩ የቱ ላይ እንደቆጠበ አይታወቅም።

“አንተ ራስህ በቁርጥራጭ የገባ ዕቃ ቀረጡ ያንሳል ትል የለ?” አለው በመጨረሻ።

ማናሴ በዚያን ቀን ስቆ ነበር። “የሚያንሰው ያላለቀ ስለሆነ ነው። ያላለቀ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ አንዱ ሻጭ በሌላው ያመካኛል። ያለቀለት ዕቃ ስትገዛ ግን አንድ ሰው አንገቱን ትይዛለህ።”

ያልተናገረውም ነበረው። ልጁ ቁርጥራጭ ዘርግቶ ወራት ሲቀመጥና ሳይጨርሰው ሲቀር በዓይኑ ታየው። ከዚያ ሁሉ ውድቀት በኋላ በልጁ እጅ ላይ አንድ ያለቀ ነገር ማየት ፈለገ። ስለዚህ ሞጆ ላይ የጭነት ደላላ የሆነው ጉደታ “አንድ ደንበኛዬ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፣ የጌም ኮምፒዩተር ይሸጣል” ሲለው ሄዶ አየ። መብራቱ ያበራል፤ የካርዱ ስም ስክሪኑ ላይ ይነበባል፤ ኤባ ዝርዝሩ ላይ የጻፈው ስም ነው። ልጁን ሳይጠይቅ፣ በልጁ ገንዘብ ላይ ከራሱ ሃያ ሺህ ብር ጨምሮ ገዛው። ላስደንቀው ብሎ።

ቤት ያስገባው ዕለት ኤባ ማሽኑን ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ “ያምራል፣ አባዬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለ። ማናሴ ያንን እንደ ደስታ ነበር የወሰደው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ ከተዘጋው በር ጀርባ ተኩስ፣ የመኪና ጩኸት፣ የሚሯሯጥ ሰው ትንፋሽ ይሰማል። አንዳንዴ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጥና ለሚስቱ ለዘርፉ “ሰማሽ? ልጁ ነፍስ ዘራ” ይላት ነበር።

“ታዲያ የምሰማው ድምፅ ምንድነው?” ሲል ጠየቀ አሁን።

“የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። ሰዎች ሲጫወቱ ቀርጸው ኢንተርኔት ላይ የሚለቁት አለ፤ እሱን ነው የሚያየው። ለዚያ ለዚያ ማሽኑ አያንስም።”

ሰይፈሚካኤል ካርዱን ወደ ቦታው መለሰ፤ አንዷን ብሎን አጠበቀ፤ ሁለተኛዋን አንስቶ እንደገና አስቀመጣት።

“ከጀመርኩ ልጨርሰው” አለ። “ኤባን አንድ ማሽን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በእጅህ ገጥመህ አሳየኝና እኔ ጋ ትሠራለህ ብዬው ነበር። እጁ ጥሩ ነው፤ አይቸኩልም። ሰው ቢያስፈልገኝም ጠበቅኩት። የተገጠመ ተገዛልኝ ብሎ ሲመጣ እንኳ ሌላ ትገጥማለህ አልኩት። በምን? አለኝ። ባለፈው ወር ሌላ ሰው ቀጠርኩ።”

“ይህን ለምን አልነገረኝም?”

“ገጥሞ ሲጨርስ ሊነግርዎት ነበር። በመሐል ከወደቅኩ አይስማ ነው ያለኝ።”

ማናሴ የአገልግሎት ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ። ሰይፈሚካኤል አልቀበልም አለ። ካርቶኑን ራሱ በገመድ አስሮ እስከ መንገድ ድረስ ተሸከመለት።

ማናሴ እዚያው ቆሞ ለጉደታ ደወለ። ጉደታም ሞጆ ነኝ፣ ና አለው። ማናሴ ሚኒባስ ይዞ ሄደ። ሙቀቱ ከብዶ ነበር፤ በየመስኮቱ የሚገባው ንፋስ አቧራና የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ ይዞ ነበር የሚመጣው። ጉደታን ያገኘው የከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ጉደታ እንደ ወትሮው “ኦቦሌሳ! ወንድሜ!” ብሎ ተነስቶ በትከሻው ሳመው፤ ወንበር ጎተተለት፤ ምሳ ብላ አለው። ማናሴ ካርቶኑን ከእግሩ ሥር አድርጎ የሆነውን ነገረው። ዕቃህን ውሰድና ገንዘቤን መልስ አለው።

ጉደታ ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ በጥሞና ሰማው። እሱም የሰው ዕቃ እንዳሻሻጠ፣ ሰውየው አገር እንደለቀቀ፣ ኮሚሽን ከመውሰዱ በቀር ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ማናሴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ግን በዙሪያቸው ያሉት ሹፌሮች ዞሩ፤ ግማሾቹ ያውቁታል።

“ማናሴ፣ አብርተህ አይተህ ነው የወሰድከው” አለ ጉደታ፣ ሁሉም እንዲሰማ። “ሞጆ ላይ ከአንተ በላይ ዕቃ የሚያውቅ አለ እንዴ? አንተ ያላየኸውን እኔ እንዴት ልየው?”

ማናሴ አንገቱን እይዘዋለሁ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ የሚይዘው ነገር ግን አልነበረም። ደረሰኝ አልተቀበለም፤ ውል አልተፈራረመም። ጉደታ በኋላ ላይ ለወዳጅነታችን ብሎ አምስት ሺህ ብር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማናሴ በእጁ ጀርባ ገፋው፤ ካርቶኑን አንስቶ ወጣ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ነው ያንን ብር እንቢ ያለው ለራሱ ክብር እንደሆነ፣ ብሩ ደግሞ የእሱ ሳይሆን የኤባ እንደነበር የገባው። ሊመለስ ፈልጎ ነበር። አልተመለሰም።

አሥር ሰዓት አልፎ ስለነበር ከዱከምና ከቢሾፍቱ ሠራተኛ የሚመልሱት ሚኒባሶች ሞልተው ነበር የሚመጡት። ሦስቱ አለፉት። አራተኛው ቆመ፤ ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ ሁለት ሰው ትከፍላለህ አለው። ከኋላ ወንበር “እኔ እይዘዋለሁ፣ አሳልፉት” የሚል ድምፅ ተሰማ። ማናሴ ድምፁን ለይቶታል። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ኤባ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ አየው። አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ፣ ፎቶው የተለጠፈበት አዲስ መታወቂያ ነበር።

ኤባ ካርቶኑን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገው። አባቱ አጠገቡ ተቀመጠ። የመሳፈሪያውን ኤባ ለሁለቱም ከፈለ። ሚኒባሱ ከከተማው ወጣ። በስተቀኝ የጭነት መኪኖች ኮንቴይነር ተሸክመው ተሰልፈው ቆመዋል።

“ሰይፌ ነገረህ?” አለ ኤባ።

“ነገረኝ።”

“ጋሽ ጉደታ ጋ ሄደህ ነው?”

“አልቀበልም አለ።”

ኤባ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚጠብቀውን የሰማ ይመስል ነበር። ማናሴ በዓይኑ መታወቂያውን አመለከተ። “ይህስ?”

“ዱከም ነው። ፕላስቲክ ፋብሪካ። ዛሬ ነው የመዘገቡን፤ ሰኞ እጀምራለሁ። ሰርቪስ የላቸውም። ከሌሊቱ አሥር ተኩል መነሳት አለብኝ።”

“ሳትጠይቀኝ?”

“ብጠይቅህ አትሄድም ትለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ምን እሠራለሁ?”

ማናሴ ሲያስበው የነበረውን ነገር ተናገረ። ገንዘቡን እንደሚመልስለት፣ በየወሩ ከደመወዙ እየቀነሰ ክፍሎቹን አንድ ባንድ እንደሚገዙ፣ መጀመሪያ ፓወር ሳፕላዩን፣ ከዚያ ቦርዱን፣ ልክ ኤባ እንዳለው። ማንም አይነካውም፤ ራሱ ይገጥመዋል። ሰይፈሚካኤልንም ሄዶ ያናግረዋል። ሲናገር ድምፁ እየፈጠነ ሄደ፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ አየችው።

ኤባ እስኪጨርስ ጠበቀው።

“አሁን አልፈልገውም፣ አባዬ።”

“ተቆጥተህ ነው እንዲህ የምትለው። ተቆጣ። ልክ ነህ።”

“አልተቆጣሁም። የመጀመሪያ ቀን ልቆጣ ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም።” በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። “ለፈተናውም እንዲሁ ነው የሆንኩት። ሲደጋገም ሰው ይለምደዋል መሰለኝ።”

ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው ይህን የሚለው። ማናሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ሱቁ የተቃጠለበትን ነጋዴ አጽናንቷል። እንዲህ ባለ ጸጥተኛ ድምፅ የተናገረ ግን አላጋጠመውም። ቢጮህበት፣ ካርቶኑን በመስኮት ቢወረውርበት ይቀለው ነበር።

“ለምን አልነገርከኝም? እንዳወቅክ ብትነግረኝ ሰውየው አገር ሳይለቅ እይዘው ነበር።”

“ደስ ብሎህ ነበር” አለ ኤባ። “ከወደቅኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ለእማዬም በር ላይ ቆመህ ስታወራላት እሰማለሁ። ድምፁን ከፍ የማደርገው እንድትሰማ ብዬ ነው።”

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ተያያዘው። አዳማ ከታች በአቧራና በፀሐይ ጭጋግ ተሸፍና ታየች። ማናሴ እጁን አንስቶ በልጁ ትከሻ ላይ ሊያደርግ አሰበና በልጁ ጭን ላይ ያለው ካርቶን ስለጋረደው እዚያው ካርቶኑ ላይ አሳረፈው።

ሊወርዱ ሲሉ ኤባ አንድ ነገር ጠየቀው። ለእማዬ እንዳትነግራት አለ። ያኔ ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ዘርፉ ገንዘቡ የልጁ ነው፣ ለእሱ ስጠውና የፈለገውን ያድርግ ብላው እንደነበር ኤባ ሰምቷል። አሁን ብታውቅ በየቀኑ ታነሳበታለች፤ ቤቱ ይታመሳል። ማሽኑ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱም ከሰኞ ጀምሮ ቤት ስለማይውል ማንም ልብ አይለውም። ሁሉንም አስቦበት ነበር። ማናሴ እሺ አለ። እሺ ሲል እፎይታ ተሰማው፤ በእፎይታው ደግሞ አፈረ።

ዘርፉ የምትሠራበት ክሊኒክ ቅዳሜ ቶሎ ስለሚዘጋ ቀድማቸው ገብታ ነበር። አባትና ልጅ አንድ ካርቶን ተጋግዘው ሲገቡ አይታ ደስ አላት፤ አብረው መንገድ ሲወጡ ካየቻቸው ወር አልፎታል። ኤባ መታወቂያውን በር ላይ አውልቆ ኪሱ ከትቶት ነበር። ካርቶኑን ወደ ክፍሉ አስገባና እጁን ታጥቦ መጣ። እሷ የሠራችውን ፓስታ አቀረበች። ማናሴ ሁልጊዜ ማዕድ ላይ የሚጸልየው እሱ ነው፤ ዛሬ “ባርክልን፣ አሜን” ብሎ ጨረሰ። ዘርፉ ቀና ብላ አየችውና ደክሞት ይሆናል ብላ አለፈችው።

“ማሽኑስ ተሠራ?” አለች፣ ለኤባ እየጨመረችለት።

ኤባ አባቱን ሳይጠብቅ መለሰ። “ተሠራ፣ እማዬ። አሁን በጣም ፈጣን ሆኗል።” ፈገግ አለላት። ድምፁ ምንም አልተዛነፈም፤ ሁለት ወር ሙሉ የሠለጠነበት ድምፅ ነበር።

“ተመስገን” አለች ዘርፉ። ወደ ባሏ ዞረች። “እኔ እኮ ያኔ ተከራክሬህ ነበር። አንተ ያልከው ልክ ሆነ። ራሱ ልግጠም ቢል ኖሮ እስከ ዛሬ ብረት ሲለቅም ነበር የምናየው።”

ኤባ የአይብ ፍርፍሩን ወደ አባቱ አስጠጋለት፤ ብላና ነገሩ ይለፍ የሚል ነበር። ዘርፉም ስለ ነገው የኅብረት ጸሎት ልታወራ ጀምራለች። አንድ ጉርሻ ቢጎርስ፣ ነገሩ እዚያው ተዘግቶ ይቀር ነበር። ማናሴ ሹካውን አነሳ፤ ፓስታውን አንዴ ጠቀለለና መልሶ አስቀመጠው።

“አልተሠራም” አለ።

ዘርፉ ንግግሯን አቆመች።

“የሚሠራም ዕቃ አይደለም። ተሸውጄ ነው የገዛሁት። የልጁን ገንዘብ ነው የጨረስኩት፤ ልጁም ያውቃል፤ ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው።”

ኤባ ከጠረጴዛው ሥር የአባቱን እግር በእግሩ ነካው፤ ተው ማለቱ ነበር። ማናሴ እግሩን ሰበሰበና ቀጠለ።